ዓሣ ጎርጓሪ

“ጋሼ፣ ዛሬ ዓሣ ላሳይዎት” አለኝ ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ። ለእኔ ዓሣ ማለት የሐዋሳው አሞራ ገደል ጥብስ ነው። እሱ ግን ሸናንዶዋ ተራሮች ውስጥ ራፒዳን ከምትባል ትንሽ ወንዝ አደረሰኝ። ሰዎች በላባና በክር የተሠራች ዝንብ ውኃው ላይ እያሳረፉ፣ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ ዓሣ ይይዛሉ፤ ይዘውም መልሰው ይለቋታል። ጉድ እኮ ነው! ብሩክ ትራውት ትባላለች፤ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ካላገኘች የማትኖር የአገሩ ነባር ዓሣ ናት።

ፕሬዚዳንት ሄርበርት ሁቨር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1929 እዚህ ማረፊያ ያሠሩት ለእሷ ብለው ነው። ቦታው ከዋሽንግተን ከ100 ማይል እንዳይርቅ፣ ቢምቢ የማይደርስበት ከፍታ ላይ እንዲሆን፣ ትራውትም እንዲኖረው አዘዙ። መሬቱን የገዙት ከኪሳቸው ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ራምሴ ማክዶናልድን እዚያ ተቀብለው ስለ ጦር መርከብ ቅነሳ መከሩ። ሳምንታት ሳይቆይ ዎል ስትሪት ተንኮታኮተ። ሁቨርና ባለቤታቸው በ1930 ለተራራው ልጆች ትምህርት ቤትም አስከፍተዋል።

እስከዚህ ደስ ይላል። ግን “ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል” ይባል የለ? እኔም ስጎረጉር ዘንዶው ወጣ። ወንዟ የምትገኝበት የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በ1935 የተቋቋመው፣ የቨርጂኒያ ግዛት በ1928 ባወጣው ሕግ የተራራውን መሬት በጅምላ ወስዶ ለፌዴራሉ መንግሥት ካስረከበ በኋላ ነው። ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሡ። ካሣ ያገኘው ባለመሬቱ ነው፤ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የኖረው ባዶ እጁን ወጣ። ጥቂት አዛውንቶች ብቻ እስኪሞቱ እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው። ትምህርት ቤት የተከፈተላቸው ልጆች ሠፈርም እዚያው ፓርኩ ክልል ውስጥ ነበር።

ዓሣዋ ነባር ናት ተብላ ተጠበቀች። ሰዎቹስ? ለትውልዶች የኖሩበት አገር አልነበረም እንዴ? ከእነሱ በፊት የተገፉት ሕንዶች ጉዳይማ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ይሄ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከስሜን ተራሮች ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ሠፍረዋል። ዋልያው ይጠበቅ፤ ትራውቷም ትጠበቅ። ራፒዳን ዛሬ ጥርት ብላ የምትፈሰው ዙሪያዋን ደን ስለሸፈናት መሆኑን አልክድም። በፓርኩ ደን ውስጥ ግን ዛሬም የድንጋይ አጥርና የጭስ ማውጫ ፍርስራሽ ይታያል። ዝንቡን ይዞ ወንዝ የሚወርድ ሰው፣ ቢያንስ የማን ደጅ ላይ እንደቆመ ይወቅ።