ሾሮን ያተረፈው ወንበር

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የብራዚል ወጣት ወደ ቦሳ ኖቫና ሮክ ሲነጉድ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሪዮ ዴ ጄኔሮ ድምፅ የነበረው የሾሮ ሙዚቃ የአዛውንቶች ጨዋታ ሆኖ ቀረ። የማንዶሊኑ ሊቅ ጃኮብ ዶ ባንዶሊም ግን ሙዚቀኞችን ቤቱ እየሰበሰበ አብሮ መጫወቱን አልተወም። እሱ በ1969፣ ታላቁ ፒሺንጊኛ ደግሞ በ1973 አረፉ። ሾሮም አበቃለት የሚያሰኝ ነበር።

ሆኖም በዚያው በ1973 ታዋቂው የሳምባ ሰው ፓውሊኞ ዳ ቪዮላ፣ አባቱ ጊታር የሚመቱበትን የጃኮብን ባንድ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። በ1975 ሪዮ ውስጥ የሾሮ ክበብ ተቋቋመ፤ ታዳጊዎችም ጊታራቸውን ይዘው ከአንጋፋዎቹ ጎን ተቀመጡ።

መንግሥት ሾሮን በብሔራዊ ቅርስነት የመዘገበው በ2024 ነው። ልብ በሉ፤ መዝገቡ የመጣው ከዳነ በኋላ ነው። ያዳነው ማን ነው ካላችሁ፣ ከአንጋፋው ጎን ለልጅ የተተወው ወንበር ነው።