አንድ ዓመት የሞላውን ሕፃን በጉዞ ላይና በአደባባይ ስለ ማጥባት፦ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚጓዙ ቤተሰቦች የቀረበ መረጃ

ሕፃናት እስከ 6 ወር ዕድሜያቸው የእናት ጡት ወተት ብቻ፣ ከ6 ወር በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ምግብ እየተመገቡ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ጡት እንዲጠቡ የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የሀገራችን የሥነ ምግብ መመሪያዎች ይመክራሉ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ጉዳይ በብዙ እናቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ያለው ጊዜ ግን ትኩረት ሲያንሰው ይታያል፤ ለማቋረጥም ቀላል ሰበብ ይበቃዋል። ከሰበቦቹ አንዱ ጉዞ ነው። ለመስቀል፣ ለገና፣ ለአረፋ ወይም ለክረምት ዕረፍት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ወሎ የሚሄድ ቤተሰብ "በመንገድ እንዳያስቸግር" በሚል ሕፃኑን በዋዜማው ጡት ሊያስጥል ይችላል። ይህ አይመከርም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ዕድሜ የእናት ጡት ወተት ሕፃኑ ከሚያስፈልገው ኃይል አንድ ሦስተኛ ያህሉን ይሸፍናል፤ በሽታ የመከላከል አቅሙንም ማገዙን አያቆምም። በጉዞ ወቅት ውኃው፣ ምግቡና የምግቡ ሰዓት ሲቀየሩ ሳይቀየር የሚቆየው ንጹሕ ምግብ ይኸው ወተት ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል፤ የሀገር አቀፉ አኃዝ 38 በመቶ ነበር። መቀንጨር በዋናነት የሚደርሰው ከፅንስ ጀምሮ ሁለተኛው ዓመት እስኪሞላ ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ለጥቂት ቀናት ጉዞ ሲባል ጡት ማስጣል ዋጋው ከጥቅሙ ይበልጣል።

እናት በራሷ ምክንያት ጡት ለማስጣል ከወሰነች ከጉዞው ቀደም ብላ ወይም ከተመለሰች በኋላ፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሰች ማድረግ ይኖርባታል። በአንድ ቀን ሲቆም ጡት ይወጠራል፣ አልፎም ሊቆስል ይችላል። ሕፃኑም በማያውቀው ቤትና በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ሳለ የለመደውን ማጽናኛ ያጣል። ጡት ጫፍ ላይ እንደ እሬት ያለ መራራ ነገር መቀባትም አይመከርም።

በአደባባይ ስለ ማጥባት

በኢትዮጵያ እናት ልጇን በአደባባይ እንዳታጠባ የሚከለክል ሕግ የለም። በመናኸሪያ፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ፣ በሆቴል አዳራሽም ማጥባት ትችላለች። በእንግሊዝ የምታጠባ እናት ከአገልግሎት መስጫ ቦታ እንዳትባረር ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ በ2010 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ በአሜሪካም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁሉም 50 ግዛቶች በአደባባይ ማጥባትን በሕግ ፈቅደዋል። ከውጭ ሀገር ለዕረፍት የሚመጡ እናቶች እንዲህ ያለ የተጻፈ ድንጋጌ እዚህም አለ ወይ ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። እዚህ ጥበቃው ከሁሉ በፊት ባህሉ ነው። ነጠላዋን ወይም ሻሿን ጣል አድርጋ የምታጠባ እናት በደሴ ፒያሳም ሆነ በባቲ የሰኞ ገበያ የተለመደች ናት።

አስተያየት የሚስበው ብዙውን ጊዜ ማጥባቱ ሳይሆን የልጁ ዕድሜ ነው። "ይህን ያህል አድጎ ገና ይጠባል?" የሚለው ጥያቄ ከቅርብ ዘመድም፣ ከአውቶቡስ ተሳፋሪም ሊመጣ ይችላል። እናት መልስ የመስጠት ግዴታ የለባትም፤ መልስ መስጠት ከፈለገች ግን "ሁለት ዓመት እስኪሞላውና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ሐኪሞች ይመክራሉ" ማለት በቂ ነው። በወሎ አብረው ለሚኖሩት የእስልምናና የክርስትና ተከታዮችም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በእስልምና አስተምህሮም የማጥባት ሙሉ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። አባት፣ አያት ወይም አክስት አብረው ካሉ ጥያቄውን እነርሱ ቢመልሱት የእናትየው ሸክም ይቀልላል።

የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች የምታጠባን እናት ወደ መጸዳጃ ቤት መምራት የለባቸውም። መጸዳጃ ቤት ሰው የሚመገብበት ቦታ አይደለም። ገለል ያለ ወንበር ማሳየትና የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ትክክለኛው መስተንግዶ ነው።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ወርዶ፣ በከሚሴና በሐርቡ በኩል ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ደግሞ በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል። ሁለቱ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢራራቁም በከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ይለያያሉ። የከፍታው ልዩነት የወተቱን መጠንም ሆነ ጥራት አይቀንስም። ነገር ግን ኮምቦልቻ ላይ ሕፃኑ በሙቀቱ ምክንያት ደጋግሞ ሊጠባ ስለሚችል እናት ውኃ በብዛት ልትጠጣ ይገባል። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሕፃን ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ውኃ መስጠት ይቻላል፤ 6 ወር ላልሞላው ግን ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ውኃ አያስፈልገውም።

በግል መኪና የሚጓዙ ቤተሰቦች ሕፃኑን ለማጥባት መኪናውን አስተማማኝ ቦታ ላይ ያቁሙ። በሚሄድ መኪና ውስጥ ከመቀመጫው አውጥቶ ማጥባት፣ በተለይ እንደ ሐረጎ ባለ መንገድ ላይ፣ ለአደጋ ያጋልጣል። በሚኒባስ የሚጓዙ ደግሞ ከመናኸሪያ ሳይነሡ ቢያጠቡ ይመረጣል። ጠመዝማዛው ለሚያስመልሰው ሕፃን ከጠገበ ሆድ ይልቅ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ማጥባት ይሻላል። በአውሮፕላን ወደ ኮምቦልቻ ለሚመጡ፣ አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ ማጥባት የጆሮ ሕመምን ያስታግሳል።

ጡጦና የዱቄት ወተት ለጉዞ ይቀላሉ የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። በመንገድ ላይ ጡጦን በሚገባ አጥቦ መቀቀል አስቸጋሪ ነው፤ በደንብ ያልታጠበ ጡጦም ተቅማጥ ያስከትላል። የታለበ የእናት ወተት መያዝ ካስፈለገ ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ተቀምጦ ከ4 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በስኒ ወይም በማንኪያ ይሰጥ፤ በሙቀት ጊዜ ከዚህም ያነሰ ጊዜ ነው የሚቆየው።

ጉብኝትን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ በመሆኑም አባት ወንድ ልጁን ይዞ የሚገባ ከሆነ ሕፃኑ አስቀድሞ ይጥባ፣ እናትም የምትቆይበት ጥላ ያለው ቦታ ይዘጋጅላት። በመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚወጡ እናቶች ደግሞ አቀበቱንና የሕዝቡን ብዛት ከግምት አስገብተው ሕፃኑን በአንቀልባ ቢያዝሉ፣ የሚበሉትንና የሚጠጡትንም ቢይዙ መልካም ነው።

ምግብና ጾም

ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን ከጡት በተጨማሪ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ምግብ፣ በመካከልም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መክሰስ ያስፈልገዋል። የበዓል ቤት ሁሉም ሰው የሚያጎርስበት ስለሆነ ማን ምን እንዳበላው መከታተል ይገባል። የምታጠባ እናት በበኩሏ ከወትሮው ሁለት ተጨማሪ ምግብ በቀን መመገብ አለባት። ጉዞው በጾም ወቅት ከሆነ፣ በእስልምና የምታጠባ እናት በረመዳን እንድታፈጥር የተፈቀደላት መሆኑን፣ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይም የንስሐ አባቷን ማማከር እንደምትችል ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሕመም ሲያጋጥም

ሕፃኑ ተቅማጥ ከያዘው ማጥባት አይቆምም፤ እንዲያውም ይጨመራል። አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በትንሽ በትንሹ መስጠት፣ የዚንክ እንክብልንም ባለሙያ ባዘዘው ቀን ልክ መጨረስ ያስፈልጋል። ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያሉ ቆላማ አካባቢዎች የወባ ሥጋት ስላለባቸው ትኩሳትን በቸልታ ማለፍ አይገባም፤ ሌሊት እናትና ልጅ በአጎበር ሥር ይተኙ።

የእናትየው ጡት ቀልቶ፣ አብጦና ትኩሳት ታክሎበት ከሆነ ማጥባቷን ሳታቋርጥ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ እናት ለጉዞው ቀናት የሚበቃትን ከጥቂት ትርፍ ጋር ትያዝ፤ የማጥባቱን ጊዜ የምትወስነው ከተከታተላት ባለሙያ ጋር ነው።

በደሴ ከተማ የደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ከከተማው ወጣ ብሎም የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይገኛሉ፤ በኮምቦልቻም የመንግሥት ጤና ተቋማት አሉ። የሕፃኑን የክትባት ካርድ ይያዙ። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር የሚሰጥ ስለሆነ ቀኑ በጉዞ ላይ ከዋለ በአቅራቢያው ባለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ማስከተብ ይቻላል። ለጤና መረጃ በነጻ የስልክ መስመር 952፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ።