ከደሙ በፊት ያለው ሳምንት

አዳማን ባቡር ነው ያሳደጋት። የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰበት ከ1917 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሸዋ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከጉራጌ የመጣው ሰው ሁሉ ሃይማኖቱንና ልማዱን ይዞ ነው የሰፈረባት። በወር አበባ ጉዳይ ግን የከተማዋ ክርስቲያንና ሙስሊም ብዙም አይራራቁም፤ ሁለቱም የሚቆጥሩት ደሙን ነው። ክርስቲያኗ ደሙ እስኪያበቃ ከቅጽር ውጭ ቆማ ትሳለማለች፣ አትቆርብም፣ ጠበል አትጠመቅም፤ ሰባት ቀን እንድትለይ የሚያዘው ሕግ ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 የተወረሰ ነው። ሙስሊሟ ሶላት ይነሳላታል፣ በረመዳን የበላቻቸውን ቀናት በኋላ ቀዳ ታወጣለች። በጎንደር ገጠር የነበሩት ቤተ እስራኤል ደግሞ ሴቷን ከመንደሩ ዳር በተሠራ የመርገም ጎጆ ያቆዩአት ነበር። እንግዲህ ልማዳችን ስለ ሴት ልጅ ወር ምንም አያውቅም ሊባል አይችልም፤ ቀን በቀን ቆጥሮታል። የቆጠረው ግን ደሙን እንጂ መንፈሷን አልነበረም። ሆርሞን በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጫና ጎልቶ የሚታየው ደሙ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት ነው፤ ያንን ሳምንት ልማዱ ዘለለው፣ ከልማዱ በኋላ የመጡት ሐኪም ቤትና ፋብሪካም ዘለሉት።

የነገሩ አሠራር ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ዕንቁላል ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይበዛል። ከፊሉ ወደ አሎፕሬግናኖሎን ይለወጥና የነርቭን ጩኸት በሚያረግቡት ጋባ በተባሉት የአንጎል ተቀባዮች ላይ ያርፋል። አብዛኞቹን ሴቶች ያረጋጋል፤ ጥቂቶቹን ግን ያው የሚያረጋጋው ነገር ያስቆጣቸዋል። ሆድ ይብሳቸዋል፣ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ፣ አንዳንዷ መኖርን እስከ መጥላት ትደርሳለች። ደሙ በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ያ ሁሉ እንደ ጉም ይበተናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች በ1998 ያሳተሙት ጥናት ምክንያቱን ለየው። የሴቶቹን ሆርሞን በመድኃኒት ሲያቆሙት የብዙዎቹ ጭንቀት ቀለለ፤ ኢስትሮጅን ወይም ፕሮጄስትሮን መልሰው ሲሰጧቸው ተመለሰ፤ ችግሩ በሌለባቸው ሴቶች ላይ ግን ያው ሆርሞን ምንም አላመጣም። ስለዚህ «ሆርሞኗ በዛ» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ሆርሞኑ ልከኛ ነው፣ የሚለያየው የሚቀበለው አንጎል ነው። ይህን ይዘን ወደ ሰባቱ ቀናት ስንመለስ፣ ልማዱ ሴቷን ለይቶ የሚያያት መንፈሷ ሊረጋጋ ሲል ሆኖ እናገኘዋለን። የሆድና የወገብ ቁርጠት በደሙ የመጀመሪያ ቀናት ስለሚበረታ ለሕመሙ ዕረፍት ሆኗታል የሚል ቢኖር፣ ለመርገም ጎጆዋ እውነትነት አለው። አዳማ ላይ ግን ከቤተ ክርስቲያን የተከለከለችው ሴት ከምጣዱም ከውኃ መቅዳቱም አላረፈችም።

መንፈሷንስ ማን ያዘው? ዛር። ያለ ምክንያት የምታለቅሰው፣ ባሏን የምትጠላው፣ ሥራ የሚያስጠላት ሴት ዛሯ ተነሳባት ይባላል፤ ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ከበሮው ይመታል፣ እስክታጓራ ድረስ ትቆያለች፤ ከዚያ መንፈሱ በአፏ ልብሱን፣ ሽቶውን፣ የዶሮውን ቀለም ይጠይቃል። በአርሲ ፈረቀሳ ያለው የሞሚና ሐድራ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ከየአቅጣጫው ሲስብ ኖሯል፤ የኦሮሞ ሴቶች አቴቴ ደግሞ ከዛር የተለየ፣ ለወሊድና ለበረከት የሚደረግ ሥርዓት ቢሆንም ሴቶች ብቻቸውን ተሰብስበው የልባቸውን የሚያወጡበት ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ ሳይመን ሜሲንግ በ1958 ስለ ኢትዮጵያ ዛር ሲጽፍ ነገሩን የቡድን ሕክምና ብሎታል፤ ልክ ይመስለኛል። ዛር ሁሉ የወር ሆርሞን ነው ማለት ግን ቀልድ ነው፤ ወንዶችም ዛር አላቸው፣ ድህነትና የከፋ ትዳርም ሰው ያሳብዳሉ። እኔ የማተኩረው ሌላው ላይ ነው። ዛር የራሱ በዓል አለው፤ የሴቷን ወር አይከተልም። ደሙን የቆጠሩት ካህኑና ሼሁ፣ ልቅሶዋን የሰሙት ባለዛሮቹ ነበሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጠ አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚነሳው መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ እናቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር መች ነበራቸው፣ ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው ይባላል። ስሙ በእርግጥ ከውጭ የመጣ ነው። ኒውዮርክ ላይ ሮበርት ፍራንክ በ1931 የቅድመ ወር አበባ ውጥረት ብሎ ጻፈበት፤ ለንደን ላይ ካታሪና ዶልተንና ሬይመንድ ግሪን በ1953 ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ሰጡት። ነገር ግን የእናቶቻችን ዕድሜ ራሱ የተለየ ነበር። በልጅነቷ የተዳረች፣ ስድስት ሰባት የወለደች፣ እያንዳንዱን ሁለት ዓመት ያጠባች ሴት ብዙውን ጊዜዋን ያሳለፈችው የወር አበባ ሳታይ ነው። በማሊ ዶጎን ሕዝብ ዘንድ በቨርሊ ስትራስማን ያጠናቻቸው ሴቶች በዕድሜያቸው የሚያዩት የወር አበባ 100 ገደማ ነበር፤ ጥቂት የሚወልዱ የዘመኑ ከተሜ ሴቶች 400 ገደማ ይደርሳሉ። በእኛም በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የገጠሯ እናት በአማካይ 5.2፣ የከተማዋ 2.3 ልጅ ትወልድ ነበር። እንግዲህ የአዳማዋ ሴት አያቷ ከቆጠረችው እጅግ የሚበዛ ወር ትቆጥራለች። በየወሩ እየተመላለሰ የሚያስቸግር ነገር የሚታወቀው ወሩ በየወሩ ሲመጣ ነውና፣ ያልነበረው ሕመሙ ሳይሆን መመላለሱ ነው።

ከተማዋ ስትዘምን የለወጠችው የሚታየውን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት የሜኖናይት ሚሲዮኖች በኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታል ድሬሰር ማሠልጠን ጀመሩ፤ በ1954 የሆላንዶቹ ኩባንያ ኤችቪኤ የወንጂን ስኳር አወጣ፤ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የባቱ የአበባ እርሻዎች በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ቀጠሩ፤ በ2018 የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፈተ። የሴቷ ወርም በዚያው ልክ ወደ ገበያ ወጣ። ባለሱቁ ሞዴሱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚሰጣት። ፍሬወይኒ መብራህቱ በመቀሌ የሚታጠብ ሞዴስ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቁማ በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ስትባል አገር ተደሰተ፤ ተገቢም ነበር። ያም ቢሆን ዘመቻው ሁሉ ስለ ደሙ ነው። የሦስት ወር መርፌ የምትወስደውም ሴት ዕንቁላል መውጣቱ ራሱ መቆሙን የሚነግራት ሳይኖር፣ የሚያስጨንቃት ያልመጣው ደም የት ተጠራቀመ የሚለው ነው። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወሊድ 120 ቀን ሲሰጥ ስለ ወሩ ዝም አለ። የወር አበባ ዕረፍት የሰጡትም አገሮች ቢሆኑ ከጃፓን የ1947 ሕግ እስከ ስፔን የ2023ቱ ድረስ የሚያሳርፉት ደሙ ሲመጣ ነው። ዛምቢያ ግን ምክንያት የማይጠየቅበት በወር አንድ ቀን ሰጠች፤ ሴቷ የከበዳትን ቀን ራሷ ትመርጣለች።

አሠሪው ይህን ሰምቶ «ሴት አልቀጥርም» ቢልስ? ፍርሃቱ የሚገባ ነው፤ የሴት አእምሮ በየወሩ ይናወጣል የሚለው ወሬ ሴቶችን ከትምህርትም ከሥልጣንም ለማራቅ ብዙ ያገለገለ ነው። መልሱ ግን ጉዳዩን መደበቅ አይደለም፤ ስሜትና ችሎታ ሁለት ነገር ናቸው። ሌታ ሆሊንግዎርዝ በ1914 ኒውዮርክ ላይ ሴቶችን ለወራት እየፈተነች በወር አበባቸው ቀናት የእጃቸውም የአእምሯቸውም ቅልጥፍና እንደማይቀንስ አሳይታለች። በ2025 የወጣ፣ ከ100 በላይ ጥናቶችንና 4,000 የሚጠጉ ሴቶችን የመረመረ ትንተናም በዑደቱ ውስጥ የማስታወስም ሆነ የማሰብ ችሎታ ጽኑ ለውጥ አላገኘም። አበባ የምትቆርጠዋ ሴት በዚያ ሳምንትም እንደ ወትሮው ትቆርጣለች፤ የሚለየው ምን ያህል እንደከበዳት ነው። ከባዱ ደግሞ የሁሉም አይደለም፤ በ2013 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ራሱን ችሎ የገባው ከባዱ ዓይነት ብዙውን ጊዜ የሚገመተው ከመቶ ከ3 እስከ 8 በሚሆኑ ሴቶች ላይ ነው።

በዚህ በኩል የአገር ውስጥ ጥናትም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረገው ከሩብ በላይ የሚሆኑትን ከባዱ ዓይነት ካለባቸው መደበ፤ አንድ ጊዜ በተሞላ መጠይቅ የተገኘ ቁጥር ግን ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ጥሩውን ሳምንት ማን ያስታውሳል? መመዘኛው የሚጠይቀው ሁለት ዑደት ሙሉ በየቀኑ የተጻፈ መዝገብ ነው። የደም ምርመራ አያሳየውም፣ ማሽንም አያስፈልገውም፤ እስክሪብቶና ደብተር ይበቃል። ከተለየ በኋላም የድብርት መድኃኒቶች፣ አንዳንዴ በዚያ ሳምንት ብቻ ተወስደው፣ ይሠራሉ። በየጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ግን ለሴቷ የተሰናዳው ጥያቄ አንድ ነው፤ የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው? ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት እንዴት እንደሰነበተች የሚጻፍበት መስመር የለም።