ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል (መካነ ምርምር)

ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ ከአዲሱ ገበያ ብዙ ሳይርቅ በእንጦጦ ተራሮች ተዳፋት 705 ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ የተዘረጋ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ኅብረት በ2010 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ለዕፅዋት ጥበቃ፣ ለትምህርትና ለምርምር የተለየ ስፍራ ነው።

ለምረቃ የተቃረበ የሥነ ሕይወት ተማሪ፣ በዩኒቨርሲቲው የአራት ኪሎ ግቢ ከመምህራኑ የቀሰመውን ዕውቀት በዚህ በገሃዱ መጽሐፈ ፍጥረት ሊፈትነው ይችላል፤ ይኸውም ጥቂት መሬት በገመድ ከልሎ በውስጡ የበቀለውን ሁሉ በየስሙና በየቁጥሩ ሲመዘግብ፣ ያልለየውንም ቅጠልና አበባ በወረቀት መካከል ተጭኖ ካደረቀ በኋላ በዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ከተቀመጡት ናሙናዎች ጋር ሲያስተያይ ነው።

በማዕከሉ ከሚመረመሩት ጥያቄዎች አንዱ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ በሸፈነው ተራራ ላይ ጽድን የመሳሰሉ የአገር ዛፎች እንደ ምን ተመልሰው ሊያቆጠቁጡ ይችላሉ የሚለው ነው።