የቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባለቤት ማን ነው?

የእንግሊዝ ሊግ የሚከፈትበት ሰሞን ሲደርስ በየዶርሙ የሚነሣው ክርክር ያው የተለመደው ነው፦ ማን ማንን ገዛ፣ ዋንጫውን ማን ይወስዳል? ስለ ቀኑ ስለራሱ ግን የሚጠይቅ የለም። ለምን ቅዳሜ ሆነ? ለምንስ ከቀትር በኋላ? ኳሱ ከነሰዓቱ ከሰማይ አልወረደም። ሰዓቱ የተገኘው በፋብሪካ በር ላይ ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ትቻቸዋለሁ።)

በ1850 የወጣው የእንግሊዝ የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችና ለጋ ወጣቶች ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ከለከለ። ስለ ጎልማሳ ወንዶች ያለው ነገር የለም። ግን የተበጠሰ ክር የሚቀጥሉት ልጆችና ሸማኔዎቹ ሴቶች ከወጡ መኪናውን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ወንዶቹም ተከትለው ወጡ። ይህች ግማሽ ቀን የጌቶች ችሮታ አይደለችም፤ ወዛደሩ ለረዥም ዘመን የተሟገተባት ናት። ውሎ አድሮ ወደ ሌላውም ሙያ ተዛመተች። በላንካሻየርና በሚድላንድስ ከተሞች ቅዳሜ ሲሆን ጥቂት ሳንቲም በኪሱ፣ ጥቂት ሰዓት በእጁ ያለ ሕዝብ ተገኘ። ኳሱ የገባው በዚህች ክፍተት ነው።

ክለቦቹ ሜዳቸውን አጥረው በር ላይ ማስከፈል ያዙ። ሕዝቡ የሚከፍለው ደግሞ ጥሩ ጨዋታ ለማየት ነውና፣ ጥሩ ተጫዋች ለማምጣት በድብቅ መክፈል መጣ። በ1884 ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ በዚህ ሲከሰስ መሪው ዊልያም ሱዴል አልካደም። በ1885 ደመወዝ ተፈቀደ። ችግሩ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ደመወዝ በየሳምንቱ ይከፈላል፤ የረባ ጨዋታ ግን በየሳምንቱ የለም። የወዳጅነት ግጥሚያ ይቀጠራል፣ ተጋጣሚው የዋንጫ ጨዋታ ይደርስበትና ይቀራል፤ ተመልካቹም ሳንቲሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በበርሚንግሃም ጨርቅ ይነግድ የነበረው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ማክግሬጎር፣ የአስቶን ቪላ ሰው፣ ማርች 2 ቀን 1888 ለጥቂት ክለቦች ደብዳቤ ጻፈ። ከ10 እስከ 12 የሚሆኑ ክለቦች በየዓመቱ ደርሶ መልስ ይጋጠሙ፣ ቀጠሮውም የጸና ይሁን የሚል ነበር። ነጋዴ ነዋ! ሱቁ በገበያ ቀን ተዘግቶ እንዳይውል ነው ነገሩ። በኤፕሪል ማንቼስተር ላይ 12 ክለቦች ተስማሙ፤ 6ቱ ከላንካሻየር፣ 6ቱ ከሚድላንድስ። ከለንደን አንድም አልነበረም፤ ሊጉ የጭስ ማውጫ አገር ልጅ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሴፕቴምበር 8 ቀን 1888 ነው፤ በኛ ጳጉሜን 4 ቀን 1880 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዕለቱ 5 ጨዋታዎች ተካሄዱ። ብላክበርንና ኖትስ ካውንቲ ተራቸው አልደረሰም። ፕሬስተን በርንሌይን 5 ለ 2፣ ዌስት ብሮም ስቶክን 2 ለ 0 ረቱ። ዎልቭስና ቪላ 1 ለ 1 ተለያዩ። ኤቨርተን አክሪንግተንን 2 ለ 1 ያሸነፈው አንፊልድ ሜዳ ላይ ነው። አዎ፣ አንፊልድ! ኤቨርተን እስከ 1892 እዚያ ነበር፤ ሊቨርፑል የሚባል ክለብ ገና አልተወለደም። የቦልተን ደጋፊ ግን ምን ይበል? ቡድኑ ደርቢን 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 6 ለ 3 ተሸነፈ። የሊጉን የመጀመሪያ ግብ ለብዙ ዘመን የቪላው ጌርሾም ኮክስ በራሱ ቡድን ላይ እንዳገባት ይነገር ነበር፤ ምስኪን። በ2013 የያኔዎቹን ጋዜጦች ያገላበጡ ተመራማሪዎች የየጨዋታውን መጀመሪያ ሰዓት አነጻጽረው ክብሩን ለቦልተኑ ኬኒ ዴቨንፖርት አዞሩት። ከቀኑ 9፡47 ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ቅዳሜ ማሸነፍ ስንት ነጥብ እንደሚያስገኝ የሚያውቅ አልነበረም። ለድል 2፣ ለአቻ 1 የሚለው የተወሰነው በኖቬምበር ነው። በር ላይ ማስከፈሉ ግን ከመጀመሪያው ቀን አልተረሳም። ለማን ምን እንደተቸኮለ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ፕሬስተን 22 ጨዋታ ተጫውቶ 18 አሸንፎ በ4 አቻ ወጥቶ ሳይሸነፍ ዋንጫውን በላ። ብዙዎቹ ተጫዋቾቹ ከስኮትላንድ የመጡ ቅጥረኞች ነበሩ። ያ ሱዴል ደግሞ የጥጥ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ በ1895 የፋብሪካውን ገንዘብ አጉድሎ ተገኘና የ3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከጎደለው ከፊሉ ለቡድኑ የዋለ ነው ይባላል። እንግዲህ የማይበገረው ቡድን የተቀለበው ከዚያው ከጥጡ ነው።

ተጫዋቹስ? እሱም ያው ወዛደር ነበር። ውሉ ቢያልቅም ክለቡ ካልለቀቀው ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። በ1901 ደመወዙ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ጣሪያው የተነሣው በ1961 ነው። ተመልካቹ በግማሽ ቀኑ ነፃ ሆኖ የታሰረ ሰው ሲጫወት ያይ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ኦገስት 1992 እንዝለል። ታላላቆቹ ክለቦች ከድሮው ሊግ ተገንጥለው ፕሪሚየር ሊግን አቋቋሙ። የቴሌቪዥኑ ውል ሲታወጅ ለ5 ዓመት 304 ሚሊዮን ፓውንድ ተባለ። ኦገስት 15፣ ቅዳሜ፣ የሼፊልድ ዩናይትዱ ብራያን ዲን ገና በ5ኛው ደቂቃ ማንቼስተር ዩናይትድ ላይ የመጀመሪያዋን ግብ አስቆጠረ። ስለ ግቧ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ፕሮግራሙን እዩልኝ እላለሁ፦ ከ11ዱ ጨዋታዎች 9ኙ ቅዳሜ፣ አንዱ እሑድ፣ አንዱ ሰኞ። ኖቲንግሃም ፎረስት ሊቨርፑልን 1 ለ 0 ያሸነፈበት የእሑዱ ጨዋታ ስካይ በቀጥታ ያሳየው የመጀመሪያው ነው። ቅዳሜ መሸራረፍ ጀመረች።

ሙሉ በሙሉ ግን አልተወሰደችም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡45 እስከ 11፡15 ጨዋታ በቀጥታ በቴሌቪዥን እንዳይታይ የሚከለክል ደንብ አለ፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የትንንሾቹ ክለቦች ሜዳ ባዶ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ በለንደን 9 ሰዓት ላይ የተጀመረውን ጨዋታ አዲስ አበባ ውስጥ ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት የተቀመጠ ጎረምሳ በ11 ሰዓት በቀጥታ ሲያይ፣ ትኬት ያጣው የከተማው ልጅ በሬዲዮ ይከታተላል።

ለዚህ ደንብ አጥብቀው ከተከራከሩት አንዱ የበርንሌይ ሊቀመንበር ቦብ ሎርድ ነበሩ። በ1964 የቴሌቪዥን ካሜራን ከሜዳቸው እስከ ማገድ ደርሰው ነበር። በ2023 የውድድር ዘመን መክፈቻውን ያስተናገደው ይኸው የሳቸው ሜዳ ነው። በርንሌይ በማንቼስተር ሲቲ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ቀኑ ዓርብ ነበር፣ በእንግሊዝ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በቀጥታ ሥርጭት።