ደጃዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት

እኛ የጀሞ ተማሪዎች ስለ ጀግኖች ሽልማት ስንነጋገር፥ ደጃዝማች አፈወርቅን እናስባለን። ግራዝማች ሳሉ በኦጋዴን የቆራሄን ምሽግ የሚጠብቀውን ጦር ያዝዙ ነበር።

በጥቅምት ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ምሽጉን በቦምብ ሲደበድቡ፥ በመድፍ ራሳቸው እየተኮሱባቸው ሳለ በብርቱ ቆሰሉ። ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ቢለመኑም፥ «ጦሩ ይበተናል» በሚል ሥጋት እምቢ አሉ። ቁስላቸው መርቅዞ ሞቱ፤ የፈሩትም ደረሰ፤ ጦሩ ምሽጉን ለቆ ሄደ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሞቱ በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጧቸው። እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ባልሰሙት ማዕረግ ዛሬ እንጠራቸዋለን።

ከታሪካቸው ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛው አደራን እስከ ሞት መጠበቅ፥ ሁለተኛው አንድ ሰው ሲጎድል የማይፈርስ ኅብረት መሥራት ነው።