የቶካይዶ አዲሱ የባቡር መንገድና ዋጋው

ጃፓን የመጀመሪያውን የባቡር መንገዷን በ1872 ስትከፍት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመረጠችው 1,067 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ጠባብ ሐዲድ ነበር። ተራራ ለበዛበት አገር ጠባቡ ሐዲድ በወጪ ይቀላል፤ ፍጥነትን ግን ይገድባል። ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር ይሁን እያሉ ለረጅም ጊዜ ከተከራከሩት መሐንዲሶች አንዱ ያሱጂሮ ሺማ ነበሩ። በ1940 ምክር ቤቱ ሰፊውን አዲስ መስመር ስለ ፈቀደ መሬት መገዛት፣ የሺን ታና ዋሻም መቈፈር ጀመረ። ይሁን እንጂ በጦርነቱ ምክንያት የዋሻው ሥራ በ1943 ቆመ፤ ያሱጂሮም ውጤቱን ሳያዩ በ1946 ዐረፉ።

ሺንጂ ሶጎ በ1955 የብሔራዊው ባቡር ድርጅት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ፣ የያሱጂሮን ልጅ ሂዴዮ ሺማን ዋና መሐንዲስ አደረጓቸው። የባቡር ዘመን አልፎ የአውቶሞቢልና የአውሮፕላን ዘመን መጥቷል ይባል በነበረበት ወቅት፣ የቶኪዮና የኦሳካ አሮጌ መስመር በመንገደኛና በጭነት ተጨናንቆ ነበር። ከጎኑ ሌላ ጠባብ ሐዲድ መጨመር ርካሹ መፍትሔ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ግን ፈጽሞ የተለየ ሰፊ መስመር ይሠራ አሉ። ከስፋቱ ይልቅ ይህ መለየቱ የበለጠ ጠቅሟል ብል አልተሳሳትኩም። ተሽከርካሪ የሚያቋርጠው ስፍራ የለም፤ ፈጣኑን ባቡር የሚያዘገይ ሌላ ባቡርም የለም። በሰዓት 200 ኪሎሜትር የሚጓዝ ነጂ የሐዲድ ዳር መብራት አይቶ በጊዜው ማቆም ስለማይችል፣ የፍጥነት ምልክቱ ነጂው ፊት እንዲታይና ፍሬኑም በራሱ እንዲይዝ ተደረገ።

ሥራው ሚያዝያ 1959 በዚያው በሺን ታና ዋሻ አፍ ተጀመረ። ሶጎ ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ግምት ከ200 ቢሊዮን የን በታች ነበር፤ መሐንዲሶቹ ግን ወደ 300 ቢሊዮን እንደሚደርስ ቀደም ብለው አስልተው ነበር። በ1961 ከዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር ተበደሩ። ብድሩ ከጠቅላላው ወጪ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን መንግሥት ዋስ ስለ ሆነ ኋላ የሚመጣ ካቢኔ ሥራውን በቀላሉ ሊያቋርጠው አይችልም። ብልሃቱን ለማድነቅ እቸገራለሁ። እውነተኛው ቁጥር ቀርቦ ቢሆን መስመሩ ምናልባት ባልተሠራ ነበር፤ ይህ ግን የተቀነሰውን ቁጥር ትክክል አያደርገውም።

ወጪው 380 ቢሊዮን የን ደረሰ። ሶጎ ግንቦት 1963 ከሥልጣን ወረዱ፤ ሺማም ተከትለው ሥራቸውን ለቀቁ። 515 ኪሎሜትሩ መንገድ ጥቅምት 1 ቀን 1964 ሲከፈት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ አራት ሰዓት ዝቅ አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ወደ ሦስት ሰዓት ከ10 ደቂቃ። የመጀመሪያው ባቡር ከቶኪዮ ሲነሣ ሺማ የተመለከቱት በቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ነበር። የባንኩ ብድር በ1981 ተከፍሎ አለቀ።